ያረመችው መልስ

ዶርቃስ አምቦ ውስጥ እንግሊዝኛ ስታስተምር እንደ «ፋይን» የደከመችበት ቅጽል የለም። ለጠራ ሰማይ ይሆናል፣ ለቀጭን ክር ይሆናል፣ ላማረ ሥራም ይሆናል፤ ልጆቹን በየቀኑ የሚገጥማቸው ግን ሰላምታው ነው። እንዴት ነህ ስትባል ፋይን በል፣ የሆድህን ማን ጠየቀህ? ትላቸው ነበር።

አንድ ጊዜ አዱኛ የሚባል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አባቱን ቀብሮ በተመለሰ ሰሞን ስትጠይቀው፣ «ኖት ፋይን፣ ቲቸር» አላት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ብታዝንለትም ፋይን እስኪል ድረስ አላስቀመጠችውም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ስህተት ማሳለፍ አይሆንላትም።

ያ ልጅ አድጎ ከአምቦ ጌዶ የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ሆነ። ስልክ በተቋረጠበት በዚያ በጋ የዶርቃስ ዓይንና ጆሮ እሱ ነበር። ያላት አንድ ወንድሟ ፍሮምሳ ከጌዶ ወዲያ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ጉበቱን ታሞ መተኛቱን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። መድኃኒት በአዱኛ ትልካለች፣ ወደ ማታ መናኸሪያ ቆማ ወሬ ትጠብቃለች።

ሐሙስ ዕለት አዱኛ ከመኪናው ሳይወርድ፣ መሪውን እያየ፣ «ፋይን ነው፣ ቲቸር። ፈያ ነው፣ ደህና ነው» አላት።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዓይኑን ለምን እንዳሸሸ ልብ አላለችም፤ የሚፈልገውን ከሰማ ወዲያ ማን ልብ ይላል? ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ሙሉወርቅ እራት ይዛ መጣች፤ ካልበላሽ ብላ ሞግታ አበላቻት። ዶርቃስ ጌታን አመስግና ተኛች።

በአገሩ ወግ መርዶ በመንገደኛ አፍ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እስከዚያ የሰማ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ሟቹን ደህና ነው ይላል፣ ሐዘንተኛውን አብልቶ ያስተኛል። ዶርቃስ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ የስንቱን ቤት በር በማለዳ አንኳኩታለች። በራሷ ሲመጣ ግን አላወቀችውም።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ አዛውንት ኦቦ ሚልኬሳ ከነሽማግሌዎቹ፣ ፓስተሩ፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሙሉወርቅ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ አዱኛ ቆመዋል። በእጁ ያንጠለጠለው ፌስታል ትናንት የላከችው መድኃኒት ነው፤ አልተፈታም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

ኦቦ ሚልኬሳ ጉሮሮውን ሲጠርግ እሷ ያየችው አዱኛን ነው።

«ወንድሜ እንዴት ነው?»

ሽማግሌዎቹ ዝም በል ብለው በዓይናቸው ገሠጹት። እሱ ግን ክፍል ውስጥ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እንባው ወረደ።

«ኖት ፋይን፣ ቲቸር።»

ዛሬ አላረመችውም።