ቦታዋን የሳተች ቁራጭ

ኬሚስቷ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አልሆነላትም። ታናሽ ወንድሟ የስኳር መርፌውን ቤት ሲወጋ ከርሞ፣ ስኳሩ አልወርድ ብሎ በመጨረሻ ሆስፒታል ገብቷል። እሷም ትናንት አልጋው አጠገብ ቆማ፣ "አትዋሸኝ፣ መርፌውን ዘለኸዋል!" ብላ ጮኸችበት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ፊቱን ማዞሩ እንቅልፍ ነሳት። የተረፈውን መድኃኒት ይዛ ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ መጣች። ሞለኪውል የሚመዝነው ማሽን፣ ክብደቱ ከትክክለኛው መድኃኒት ጋር አንድ ነው አላት። ቀጥላ፣ በኤሌክትሪክ የተሞላውን ሞለኪውል፣ አዮን የሚሉትን፣ ከጋዝ ጋር አጋጨችው። ግጭት አዮኑን እያጋለ ይሄዳል፤ የጋለ ነገር ደግሞ መጀመሪያ የሚለቀው በደካማው በኩል ነው። ሞለኪውሉ እንደ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ከጎኑ የተለጠፈችው፣ መድኃኒቱን የምታሠራው ትንሽ ቁራጭ ገና ከጅምሩ ረገፈች፤ የት ተለጥፋ እንደነበር ግን ምልክት አልተወችም።

"ይኸው፣ ከትክክለኛው ጋር አንድ ነው" አላት አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ። "ልጁ ረስቶ ይሆናል። መድኃኒቱን አትክሰሺ።"

"ጋሼ፣ ቁራጯ መኖሯን እንጂ ቦታዋን መች አየን?"

"ሂጂ እረፊ እባክሽ።"

"ማረፍ ብችል እዚህ ምን አመጣኝ?"

አለቃዋ ራሱን አከከ። "እሺ፣ በኤሌክትሮን ሞክሪው። ትክክለኛውንም ጎን ለጎን አስገቢ፤ አለዚያ ማንም አይሰማሽም።"

አዮን ኤሌክትሮን ሲቀበል ነገሩ ሌላ ነው። ለመጋል ፋታ ሳያገኝ ሰንሰለቱ ራሱ ይበጠሳል፤ ያቺ ደካማ ቁራጭ ግን ከተለጠፈችበት አትላቀቅም፤ ስለዚህ ቦታዋ ይታወቃል። ማሽኑ ሲሠራ እሷ ኮሪደሩን ትመላለሳለች። እናቷ ደወለች። "ልጁን ምን ብለሽው ነው? እህል አልቀምስ አለኝ እኮ!" ስልኩን ዘግታ ወደ ማሽኑ ተመለሰች።

ውጤቱ ወጣ። በትክክለኛው መድኃኒት ቁራጯ ከሰንሰለቱ መሀል ነበረች፤ በወንድሟ መድኃኒት ግን ጫፉ ላይ ተለጥፋለች። እዚያ ሆና ደግሞ ለስኳር የምትፈይደው ነገር የለም። አለቃዋ ሁለቱን ደጋግሞ አስተያየና፣ መድኃኒቱ በየፋርማሲው እንዲታገድ ስልኩን አነሳ።

እሷ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወደ ሆስፒታሉ በረረች።

"ወንድሜ፣ እውነትህን ነበር። መድኃኒቱ ነው። ይቅር በለኝ።"

ወንድሟ ዘወር ብሎ አያት። ደስ አለው ስትል፣ ፊቱ ድንገት ተለዋወጠ።

"መድኃኒቱ ነው? አብሮኝ ለሚሠራው አናጢ አካፍዬዋለሁ! እሱም ስኳር አለበት፤ የሱ መርፌ አልቆበት..."

"የት ነው ያለው?"

"ወርክሾፕ። ስልክ አያነሳም እሱ!"

ጫማዋ እየተንሸራተተ ደረጃውን ወረደች። አናጢውን ያገኘችው መጋዝ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ሳይረካ፣ ዓይኑ ፈዞ ነው። ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባችው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ፣ "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ እንጃ" አላት።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው ስለ አንድ ያልተጨረሰ በር ይከራከሩ ነበር። እሷ መሀላቸው ቆማ፣ አንዴ የአንዱን የስኳር መጠን አንዴ የሌላውን ታያለች።

"ኧረ ተቀመጪ፣ አደከምሽን!" አላት ወንድሟ።