በቀኛዝማች ግድብ ሥር

ቀኛዝማች ኃይለየሱስ የመስኖ ግድባቸውን ያሠሩት ቤት እንደሚመርግ ሰው ነው፤ አፈሩን በጤፍ ጭድ አስቦክተው። ጭዱ ሁለት ክረምት ሳይሞላው በሰበሰ፤ በየቀዳዳው ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። በግድቡ ሥር ጎጆ የቀለሰው ጭሰኛቸው መርዳሳ ይህን በተናገረ ቁጥር ምቀኛ ተባለ።

ያን ቀን ቀኛዝማች የባሰ አደረጉ። የግድቡ ማስተንፈሻ አዲስ ባስተከሉት ብርቱካን መሀል ስለሚያልፍ፣ አሽከሮቻቸውን አሰልፈው በድንጋይና በአፈር አስደፈኑት። በቦሰት ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ጌታዬ፣ ሲሞላ ውሃው በየት ይውጣ?» አለ መርዳሳ።

«በአፍህ፤ ተከፍቶ የሚውለው እሱ ነው» አሉት። አሽከሮቹ ሳቁ።

መርዳሳ ልጆቹ ያሉበትን ጎጆ ቁልቁል አየ። ደሙ ፈላ። «በንጉሥ አምላክ ይቁሙ» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። በንጉሥ ስም የተያዘ ሰው፣ ባለማዕረግም ቢሆን፣ ዳኛ ሳያይ አይላወስም። ጨው ጭኖ ወደ ወለንጪቲ የሚያልፈውን ነጋዴ፣ አብደላን፣ እንደ ወጉ ከመንገድ ጠርተው ዳኘን አሉት። እሱም ሁለቱን ሰምቶ ጢሙን አሻሸ።

«ቀኛዝማች ላይ ፈርጄ ነገ በዚህ መንገድ ልመለስ? እኔ ላቆራኛችሁ፤ የናዝሬቱ ዳኛ ይፍረድ።»

የሁለቱን ኩታ ጫፍ ለጫፍ ቋጠረና በቅሎውን ነዳ። ዳኛ ፊት ሳይደርስ ቋጠሮውን የፈታ ተረታ ማለት ነው።

«እንሂድ፤ ቆዳህን ነው የማስገፍፈው» አሉ ቀኛዝማች።

«ዋስ ሳልይዝ የት እሄዳለሁ? ዋሴ ወንድሜ ወዬሳ ነው። ከእርሻ እስኪመለስ ቤቴ እንጠብቀው።»

ኩታውን ሳበው። እንደተጠመዱ በሬዎች እየተጓተቱ ግድቡ ሥር ወረዱ። መርዳሳ በርጩማ አውጥቶ ለጌታው ደጃፉ ላይ አስቀመጠ፤ ሚስቱንም ጠራ።

«ቡዜ፣ ልጆቹን ይዘሽ ጉብታው ላይ ውጪ። እኔና ጌታዬ እዚህ ነን።»

ዝናቡ ወረደ። ከግድቡ ጎን ይንጠባጠብ የነበረው ውሃ ደፍርሶ ይወርድ ጀመር።

«ግድቡ ጽኑ ነው ሲሉ አልነበር?»

«ጽኑ ነው።»

«ታዲያ አንገትዎን ምን አስረዘመው?»

«ፍታኝ፣ አንተ ባለጌ።»

«እርስዎ ይፍቱት። ቢረቱም ይድናሉ። ልጆቼን ግን ማስተንፈሻውን ሲደፍኑ ማን ጠየቃቸው?»

ቀኛዝማች እጃቸውን ወደ ቋጠሮው ሰደዱ፤ መለሱት። አሽከሮቻቸው ከላይ ቆመው ያያሉ። ለጭሰኛ ተረቱ ከሚባሉ ሞት ይሻላቸዋል። ከግድቡ ወገብ አንድ ጓል ተገምሶ ወደቀ። ቀኛዝማች ከበርጩማው ተነሡ።

«ክፈቱት» ብለው ጮኹ። «ማስተንፈሻውን ክፈቱት።»

«ብርቱካኑስ፣ ጌታዬ?»

«ብርቱካኑን ውሃ ይብላው።»

አሽከሮቹ ድፍኑን ናዱት። ጎርፉ ችግኙን እየነቀለ በማስተንፈሻው ወጣ። መርዳሳ ደስ አላለውም፤ ይልቁን ንዴቱ ባሰበት። ነገሩ «ክፈቱት» የምትል አንድ ቃል ነበረች። እሷን ለማውጣት የጌታው የገዛ አንገት ግድቡ ሥር መቀመጥ ነበረበት፤ የሦስት ሕፃናት አንገት አልበቃም።

የራሰውን ኩታ ጎተተ። «አሁን ናዝሬት።»

«ክፍት ነው አይደል? ነገሩ አለቀ።»

«ገና የበሰበሰው ጭድ አለ» አለና ዳገቱን ቀድሞ ወጣ።