ጎድጓዳ ፊት ያለው ሳንቲም

ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ታላቅ እህቱ ፊት ሲቆም ግን አሁንም የተቆጡት ልጅ ነው።

ነገሩ የአባታቸው ሳንቲም ነው። በአንድ ወገኑ የጺማም ሰውዬ ፊት አለ። በጀርባው ቁጥር ሊኖር ሲገባ ያው ጺማም ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ተቀምጧል። ሰዓት ሠሪው ልጅ ሳለ ሳንቲም እያደራረበ በአባቱ ሞርሳ መጨፍለቅ ይወድ ነበር። አባትየው ይቺን ከጥንት ሳንቲሞቻቸው መሃል አንስተው “ማን ነካት?” ሲሉ እህቱ ወደ እሱ ጠቆመች። ከዚያ ወዲያ መሥሪያ ክፍላቸው እንዳይገባ ከለከሉት፤ እስኪሞቱም አልፈቀዱለት።

ባለፈው ሳምንት እህቱ ቤት ስትቀይር ሳንቲሙን ይዛ መጣች።

“እንካ፣ ሥራህን ተረከብ።”

“እትዬ፣ ብዙ ጨፍልቄያለሁ። ይቺን መንካቴን ግን አላስታውስም።”

“ጥፋት መች ይታወስሃል!”

ቀኑን ሙሉ የሰው ሰዓት ሆድ ዕቃ ሲፈትሽ የሚውል ሰው፣ ይቺን በአጉሊ መነጽሩ ማየት ፈራ። ስለዚህ እኔ ጣልቃ ገባሁ። ጣልቃ መግባት ይሆንልኛል። ስለ ሳንቲም አሠራር የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ማኅተም ቀራጭ ዘንድ እንሂድ አልኩ። ባዶ እጅ ላለመሄድ ብዬ ደግሞ ሳንቲሙን በጥርስ ሳሙና ፈትጌ አብለጨለጭኩት።

ቀራጩ ገና ሲያዩት ፊታቸው ተቀየረ።

“ማን አጠበው?”

“እኔ ነኝ ጋሼ። እንዲያምር ብዬ…”

“አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ ብትደግሚው ኖሮ የምመሰክርበትን ሁሉ ጠርገሽው ነበር!”

የሰው የአርባ ምናምን ዓመት ሸክም በጥርስ ሳሙና ላጥበው ነበር!

ሳንቲሙን ወደ መስኮቱ አስጠግተው እያገላበጡ አዩት። ሰዓት ሠሪው ግድግዳውን ያያል። እህቱ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

“በሞርሳ ቢጨፈለቅ ኖሮ በዚህኛው ወገን ጎልቶ የወጣው ጺማም አፍንጫ ይደፈጠጥ ነበር። ተመልከቺ፣ የጺሙ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ከጎድጓዳው ሥርም የቁጥሩ ርዝራዥ በቀረ ነበር። ምንም የለም፤ ቁጥር ጭራሽ አልተመታበትም።”

“ታዲያ ምን ሆኖ ነው?” አለች እህቱ።

“ሲሠራ ነው። ከሱ በፊት የተመታው ሳንቲም ማተሚያው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ፊቱን አሳርፎበታል። እንዲህ ሆኖ ነው የተወለደው፤ የሰው እጅ የለበትም።”

ሰዓት ሠሪው ሳንቲሙንና የቀራጩን አጉሊ መነጽር ተቀበለ። ረጅም ጊዜ አየ። ሲመልሰው መስታወቱ ረጥቦ ስለነበር በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ነው የሰጣቸው።

“ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምን ልክፈል?”

“ለማየት አይከፈልም። ይልቅ ይቺን ጎረቤትህን ከሳሙና አርቃት።”

እኔም ከልቤ አመሰገንኳቸው፤ ስድብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ደጅ ስንወጣ እህቱ ክንዱን ያዘችው። “አባባ ፊት የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የጠቆምኩት። ይቅር በለኝ።”

“ኧረ እትዬ፣ ይዘሽ ባትመጪ ኖሮ መች አውቅ ነበር? ተባረኪልኝ።”

ትንሽ ሄድን። መሸነፉ አልተመቻት መሰለኝ።

“ልጆች ሳለን የተሰበረው የመስኮታችን መስታወት ግን ያንተ ሥራ ነው!” አለች።

“እሱማ የኔ ነው፤ በደንብ አስታውሳለሁ” አለ እየሳቀ፣ ክንዱን ሳያስለቅቅ።