ጋሼ እንፋሎት ያቀዘቀዙት ውሃ

የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤቱን ባለቤት ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሼ እንፋሎት» ይላቸዋል። ሰላም የሚነሳቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሚስታቸው ወንድም። ከመታጠቢያው ከፍ ብሎ ዓሣ የሚያረባበት ኩሬ አለው።

«የእርስዎ ፍል ውሃ ሰርጎ የወረደ የእኔ ኩሬ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ግማሽ ይገባኛል» ብሎ ሊከሳቸው ተነሣ።

ጋሼ እንፋሎት እንቅልፍ አጡ። ዕድሜያቸውን ፎጣ ሲያጥፉ ኖረው ሌላ ምን ያውቃሉ? ደግነቱ ልጃቸው የውሃ ተመራማሪ ናት። ውሃ ሁሉ ቀለል ያሉም ከበድ ያሉም፣ አይሶቶፕ የሚባሉ የተፈጥሮ ቅንጣቶች እንዳሉት አስረዳቻቸው። ፀሐይ የሚመታው ኩሬ ቀላሉ እየተነነ ከባዱ ይበዛበታል፤ ከመሬት በታች የተጓዘ ዝናብ ግን እንደዚያ አይሆንም።

«አባዬ፣ ከምንጩ አፍ ጢም አድርገህ ሙላና ወዲያው ክደነው» ብላ ጠርሙስ ላከችላቸው።

ጋሼ እንፋሎት ግን ጨዋ ሰው ናቸው። የሚንፈቀፈቅ ውሃ ለሰው ይላካል እንዴ? ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጠው ቀኑን ሙሉ ደጅ አዋሉትና የተረፈውን ላኩ።

የቤተ ሙከራው መልስ መጣ፤ የኩሬ ውሃ ነው። ሚስታቸው ምስጢር አይበረክትላቸውም፤ ወሬው ሳይውል ሳያድር ወንድማቸው ጆሮ ገባ። አማች ሆዬ ክሱን እርግፍ አድርጎ ተወው። ከግማሹ ይልቅ የጋሼ እንፋሎት ሙሉ ውድቀት ጣመው። ምንጩ እንዲደርቅ ኩሬውን አፍስሶ፣ ዓሣውን ለጎረቤት በትኖ፣ ቦታውን በአፈር ደለደለው።

«አሁን ይፍላላቸዋ!» አለ።

ለሰው ጉድጓድ የቆፈረ ራሱ ይገባበታል ይባላል። ደፍኖ የገባበት ግን የእኛ አማች የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ እንፋሎት ምንጩ ዳር ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን እየነከሩ አለቀሱ። ልጃቸው ደወለች።

«አባዬ፣ እንደቀዳህ ከደንከው?»

«ኧረ በስመ አብ! አቀዝቅዤ ነው እንጂ።»

«ቀላሉን ሁሉ ለፀሐይ አብልተህ ነዋ የላክህልኝ!»

መጥታ ራሷ ቀዳች። ውሃው ከሩቅ ተራራ የሚመጣ የድሮ ዝናብ ሆኖ ተገኘ። የአማችም የጋሼም አልነበረም።

ይህን የሰሙት ጋሼ እንፋሎት ብቻ ናቸው፤ ለሚስታቸውም ትንፍሽ አላሉ። አማች ምንጩ ሲደርቅ ለማየት በየማለዳው እየከፈለ ይገባል፤ እስከ አንገቱ ተነክሮ ይጠብቃል። ጉልበቱን ያመው የነበረውም ተሽሎታል።

«ዛሬ ቀነስ አላለም?» ይላል ከውሃው እየወጣ።

ጋሼ እንፋሎት ፎጣ ያቀብሉታል።

«ትንሽ ቀነስ ሳይል አልቀረም። ለማንኛውም ነገ ብቅ ብለህ እየው።»