ጽዋው የዘለለው ቤት

እስቲ መልሱልኝ፤ ለእናታችሁ እንኳ ያላሳያችሁትን ገመና ለማን ታሳያላችሁ? ለንስሐ አባት በቃል ይነገራል። ለነርስ ግን ልብስ ተገልጦ ነው። አስካለማርያም ልብሷን የገለጠችው ለሩት ነበር።

ገና ክር ፋብሪካ እየሠራች አንጀቷ ይደማ ጀመር። አሜባ ነው አሏት፤ ታይፎይድ ነው አሏት፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ዓይን ነው አላት። የአንጀት ቁስለት መሆኑ ሲታወቅ መድኃኒት የሚመልሰው አልነበረም። ሐኪሞች ትልቁን አንጀቷን አውጥተው የትንሹን ጫፍ በሆዷ ቀኝ በኩል ወደ ውጭ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ሰገራዋ የሚወጣው በዚያ ነው፤ የሚጠራቀመውም ሆዷ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነው።

ያኔ ከረጢቱ ከየፋርማሲው ጠፍቶ ስለነበር ፌስታል በፕላስተር አጣብቃ ነው የሰነበተችው። ፈሳሹ ቆዳዋን በላው። እንደ እሳት እያቃጠላት፣ በሯን ዘግታ ግድግዳ ስታይ የደረሰችላት ሩት ናት። ሩት የገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቷ ናት፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት፤ የአቦ ጽዋ ማኅበር እኅቷም ናት። ስትገባ አፍንጫዋን አልያዘችም። ከሥራ ቦታዋ ለምና ያገኘችውን ከረጢት አመጣች። በለብታ ውሃ አጠበቻት፣ አደረቀቻት፣ የተለጣፊውን ቀዳዳ በአንጀቱ ጫፍ ልክ በመቀስ ቆረጠች።

«ይዩት እንጂ እትዬ! አይነክስዎትም።»

«ሞቼ ነው የማየው!»

«ከንፈር ነው የሚመስለው። እንዲህ ቀይና እርጥብ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከጠቆረ ነው ሮጠው የሚመጡት።»

አስካለማርያም በአንድ ዓይኗ አጮልቃ አየችው። «ከንፈር ከሆነማ ሊፒስቲክ ቆጥቦልኛል» አለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሩት ሁሉንም አስተማረቻት። ሳይሞላ ይደፋ፤ ውሃና ጨው እንዳይጎድል፤ ከባድ ነገር አይነሣ።

«ምግብ መሥራትስ? ለሰው ማቅረብስ?»

«እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። እኔስ ሽንት ቤት አልሄድም እንዴ?»

«አደራ፣ ለሰው እንዳትነግሪብኝ።»

«ነርስ ነኝ እኮ እትዬ!»

አስካለማርያም በዚህች ቃል ተደገፈች። ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። ወንድሟ እንኳ አያውቅም።

የአቦ ጽዋ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተረኛው ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ በቀጣዩ ወር ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ማኅበርተኛውን ይቀበላል። አስካለማርያም በታመመች ጊዜ ተራዋን ሌሎች ሸፍነውላት ነበር። አሁን ዳግመኛ ደረሳት። ብቅሉን አብቅላ፣ ጌሾውን አስጥታ ነው የመጣችው። ያንን ጽዋ ደጃፏ ካደረሰች ከሰው ቁጥር ተመለሰች ማለት ነው።

የዕለቱ ማኅበር ሳሪስ አቦ፣ ጋሽ ተሰማ ቤት ነበር። ጋሽ ተሰማ የባቡር ጡረተኛ፣ የማኅበሩም መሪ ናቸው፤ ማኅበርተኛው ሙሴ ይላቸዋል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው፣ ወደ ሌላ ማኅበር ተቻኩለው ሄደዋል። ጋሽ ተሰማ ጽዋውን ይዘው ተነሡ። አስካለማርያምም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

ጋሽ ተሰማ በአጠገቧ አልፈው ሄዱ።

«አደሴ፣ ተቀበይ።»

ከአስካለማርያም ጎን የተቀመጠችው ማኅበርተኛ አደሴ የጎረሰችው ዳቦ አነቃት። «እኔ? የእኔ ተራ መች ደረሰና ጋሼ! ጠላውን ከቧንቧ ልቅዳው?» ሰው ሳቀ።

«ተራው የእኔ ነው» አለች አስካለማርያም።

«አንቺ እረፊ፣ ልጄ። እንዳትደክሚ ብለን ነው።»

«ደከመኝ ብዬ ለማን ነገርኩ?»

ከጥግ የተቀመጠች አንዲት ሴት አላስቻላትም። «ያ ነገር ሆዷ ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት ነው የምትጠምቀው? የጻድቁ ጽዋ እኮ ነው፣ በንጽሕና ነው የሚያዝ!»

አስካለማርያም እጇ ሳታውቀው ወደ ሆዷ ሄደ። ከዚያ ወደ ሩት ዞረች። ሩት ዳቦዋን እየፈረፈረች ነበር።

«ለክፋት አይደለም እትዬ» አለች ሩት ቀና ሳትል። «እንዲጸልዩልዎት ብዬ ነው። እንስራ እንዳይሸከሙ... የነገርኩትም ለጋሽ ተሰማ ብቻ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ጣሪያውን አዩ።

እንዲጸልዩልዎት! በዚህ ከተማ ሐሜት ነጠላ ሲያጣፋ ስሙ ጸሎት ይሆናል። ደግ ልብ ነበራት የሚላት ይኖራል። ደግነቷን ሣጥን ውስጥ ይቆልፍላት! የታማሚ ሆድ የነርስ ወሬ አይደለም።

አስካለማርያምን ግን ከወሬው የባሰ ነገር አንገበገባት። ጋሽ ተሰማ ባያውቁ አይፈረድባቸውም። የጥጓ ሴትም አልተማረችም ይባላል። ሩት ግን ታውቃለች፤ ተምራበታለች፤ ደመወዝ ትበላበታለች። ያቺ ሴት «ንጽሕና» ስትል አንዲት ቃል ብትተነፍስ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የሰው አንጀት በባዶ እጇ መንካት ያልፈራች ልጅ፣ የማኅበርተኛ ዓይን ፈርታ ዳቦ ትፈረፍራለች።

አደሴ ነጠላዋን ጎተተቻት። «አስኩ፣ በሞቴ ቁጭ በይ። ወጥታችሁ ትነጋገራላችሁ። የጓዳ ነገር በጓዳ ያምራል።»

«አዎ፣ ውጭ እንነጋገር» አለች ሩት፤ ለመነሣትም ቸኮለች።

«የት ነው ውጭ?» አስካለማርያም በሩ ላይ ቆመች። «ገመናዬን ማኅበር አውጥተሽ፣ መልሱን ደረጃ ሥር ልትሰጪኝ ነው?»

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ...»

«እግሬን ተይው፣ እግሬ ደኅና ነው! ጋሽ ተሰማ፣ ጽዋውን ያስቀምጡት፤ የትም አይሄድም።» ፊቷን ወደ ሩት መለሰች። «ቁስሌን ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ከዚህ ሁሉ ሰው የምታውቂውም አንቺ ብቻ ነሽ። ለእኔ በጆሮዬ አይደለም፤ ለእነሱ፣ ሁሉም እየሰማ ንገሪያቸው። እኔ የጠመቅሁት ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? ተነሺ፣ ሩት! ጮክ ብለሽ መልሺ!»