ብዕሩ የሚጠብቀው ቃል

መስመሩ ነው ልጁን የሚከተለው ወይስ ልጁ መስመሩን? እናኑ ይሄን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለችም። የምታውቀው፣ ሰኞ በምሳ ሰዓት ወለል እየወለወለች ሳለ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው የስምንት ወር ልጇ ሦስት ዓመት እንደሞላው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናኑ የምታጸዳው ቢሮ የሕፃናትን ክብደት በመስመር የሚስል ፕሮግራም ይሠራል። ለሙከራ የእውነት ሕፃን ሲፈለግ የሷ ይትባረክ ቅርብ ነበር። መዘኑት፣ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቡ፣ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲስል ትተውት ምሳ ወጡ። ብዕር የያዘው ማሽን ጥቅል ወረቀቱ ላይ መስመሩን ጀመረ። የዕለቱ ቀን ላይ ሲደርስ መቆም ነበረበት፤ አልቆመም። የአንቀልባው ጠፍር ጠበቀ፣ ከዚያ ተበጠሰ።

«እማዬ፣ አውርጂኝ» አለ ይትባረክ። ከዚያ በፊት አንድ ቃል አውጥቶ አያውቅም።

ፕሮግራሙን የጻፉት እትዬ ማስተዋል ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ተመለሱ።

«የጊዜ ችግር ነው» አሉ ወረቀቱን እያዩ። «ክብደቱ ሳይደርስ ስዕሉ ይቀድማል።»

«ልጄስ፣ እትዬ?»

«ልጁ ምንም አልሆነም። ከመስመሩ ጋር ልክ ነው።»

«ከዳይፐር ተገላገልሽ በይ!» አለ ባልደረባቸው ጥበቡ ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

«በዳዴ ሲሄድ እንኳ አላየሁትም እኮ» አለች እናኑ።

እትዬ ማስተዋል አንድ ሁለት ነገር ነካክተው ማሽኑን እንደገና አስነሱት። ብዕሩ ስንዝር ያህል ሄደ። የይትባረክ የፊት ጥርሶች ወለሉ ላይ ወደቁ፤ በቦታቸው ሌሎች በቀሉ። ጥቅሉ ላይ የቀረው ወረቀት ከክንድ አይበልጥም።

«ብዕሩ ይጠብቅ በሉልኝ፣ በእናትዎ!» አለች እናኑ።

«እስከ መቼ ይጠብቅ?»

«እኔ ‹በቃ› እስክል።»

እንደተባሉት ጻፉ። ብዕሩ ከወረቀቱ ተነሥቶ አየር ላይ ቆመ። ሙከራው አለፈ፤ ቢሮው አጨበጨበ።

ይትባረክም ሊወጣ ሲል ከብዕሩ ጋር አብሮ ቆመ፤ እስከ ዛሬ በሩ ላይ ነው ያለው፤ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ሊስቅ አፉን ከፈት አድርጎ። ገላው ይሞቃል። እናኑ ስትወለውል ዞራው ታልፋለች፤ አቧራ ሲያርፍበት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች። ቃሉ ከተባለ ብዕሩ ጥቅሉ እስኪያልቅ እንደማይቆም እትዬ ማስተዋል ነግረዋታል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ ስትጠይቃቸው «ከዚያ በኋላማ ወረቀት የለም» አሏት።

ስለዚህ ቃሉን አታወጣም። ሻይ ሲቀዳላት እንኳ ዝም ትላለች፤ ብርጭቆው ይሞላል፣ ይፈስሳል፣ ከጠረጴዛው ወርዶ ልጁ እግር ሥር ይደርሳል። ብዕሩ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችው የቀለም ጠብታ ሳትወድቅ በየቀኑ ትተልቃለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እባካችሁ ምከሯት። ቢሮው ድረስ ከመጣችሁ ግን፣ ሻይ ሲቀዳላችሁ እጃችሁን አንሡ እንጂ ያቺን ቃል አትበሉ። ማሽኑ የእሷን ድምፅ ከሌላ ሰው ይለይ እንደሆነ ገና አልተሞከረም።