ሠላሳ ሰባት ዲግሪ

ድፍን ሃያ ስምንት ዓመት አሚኖ አሲድ የምንሠራው በሚፈላ አሲድ ነበር። አሚኖ አሲዱ ለከብት መኖ የሚጨመር ነጭ ዱቄት ነው። ዝቃጩን የደፋንበት ቦታ ዛሬም ሣር አያበቅልም፤ የእኔም አፍንጫ ማሽተት ካቆመ ቆየ። ዘንድሮ የፋብሪካችን ወጣት ኢንጂነር ኢንዛይም የሚባለውን ይዛ መጣች። ያንኑ ሥራ ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ ጭስ፣ ያለ መርዝ ይሠራዋል ስትል በሆዴ ሳቅኩባት። ሠራው።

አሲድ ክፍሉ ሲዘጋ ጓደኞቼ ተሰናበቱ። እኔን ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ትልቅ ሙከራ አስቀረኝ፤ ከተሳካ እቆያለሁ፣ ካልተሳካ ጡረታ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ይላሉ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያለው ፍሪጁ ብቻ ነው፤ እረፍቱንማ ጠግቤዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ኢንዛይሙ የሚሠራበትን አዲሱን ታንከር ወድጄው ነበር። የድሮው አጠገቡ አያስደርስም። የዚህ ሙቀት ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው፣ ልክ እንደ ሰው ገላ። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይመጣ መዳፌን እለጥፍበታለሁ። ሌላ የምነካው ሙቅ ነገር አልነበረኝም።

ሙከራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ስነካው ቀዘቀዘኝ። መለኪያው ሠላሳ ሰባት ይላል። እኔ ደግሞ መለኪያ አላምንም፤ አሲድ ክፍል ጭሱ እየበላው ስንቱ ዋሽቶናል። ሲበርደው ዝም ብዬ ለማየት አንጀቴ አልቻለም። የእንፋሎቱን ቧንቧ ከፈትኩለት።

ኢንጂነሯ ስትደርስ ስድሳ አምስት ገብቷል። ኢንዛይሙ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ረግቷል።

«ጋሼ፣ ሙቀቱን ማን ጨመረው?»

«እኔ ነኝ። በርዶት ነበር።»

አልጮኸችም። መለኪያውን በሌላ ቴርሞሜትር አመሳከረችው፤ ልክ ነው። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝና የእጇን ጀርባ ግንባሬ ላይ አደረገች።

«እሳት ሆነዋል እኮ። ታንከሩ አልቀዘቀዘም፣ እርስዎ ግለው ነው። ስንት ቀንዎ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እቤት ያሉት ትኩሳት አለብዎ አላሉዎትም?»

ስለ ባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም።

«ቤት ሰው የለም» አልኳት።

አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ጋሼ፣ ሙከራው አልተሳካም ብዬ መጻፌ አይቀርም። አሁን ግን ቤትዎ ሄደው ይተኙ።»

ለእኔው አዝና ነው፣ ገብቶኛል። እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። በሃያ ስምንት ዓመት አንድም አለቃ ለምኜ አላውቅም ነበር።

«ልጄ» አልኳት፣ «እዚሁ ወንበር ላይ ልተኛ?»